ገመናና ምስክርነት

እሷ፦ እኔ ታሪኳን በቪዲዮ ትልቀቀው ባይ ነኝ። ልጅቱ ከሪያድ ከተመለሰች ወዲህ ስትናገር አብረን ሰምተናታል። የምታጋንነውም የምታስመስለውም ነገር የለም። ደላላው የነገራትን፣ ፓስፖርቷን የተቀማችበትን ቀን፣ ስንት ወር ያለ ደመወዝ እንደሠራች፣ ስልኳን አቁማ በራሷ አንደበት ብትናገረው ስንቷን ታስተምርበታለች።

እሱ፦ እውነቷን መሆኑን እኔም አልጠራጠርም እትዬ። እኔን የሚያሳስበኝ ከተናገረች በኋላ ያለው ዕድሜዋ ነው። እርስዎ የሚያዩት የምትናገርባትን ቀን ነው። እኔ ደግሞ ሥራ የምትጠይቅበት፣ ትዳር የምትይዝበት፣ ለእናቷ ትታው የሄደችው ልጅ ስልክ መያዝ የሚጀምርበት ቀን ይታየኛል።

እሷ፦ ወደፊት የሚመጣውን ስንፈራ ነው ዛሬ የሚያመልጠን። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ቤት ለቤት እየዞርኩ ሳስተምር ያየሁትን አልረሳም። ሰው በበሽታው ብቻ አልነበረም የሚሞተው፤ «ሰው ምን ይለኛል» በሚለውም ይሞት ነበር። ቤተሰብ በር ዘግቶ ያስታምማል፤ ለቅሶ ላይ ሲጠየቅ «ሳንባ ነው» ይላል። ያንን ዝምታ የሰበሩት እንደ ተስፋ ጎህና እንደ መቅድም ባሉ ማኅበራት ተሰባስበው «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ብለው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ልብ በል፤ መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት የተናገሩት የሚያድናቸው ነገር በእጃቸው ሳይኖር ነው። እነሱን ያየ ሰው ግን «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ብሎ ለመመርመር ደፈረ።

እሱ፦ እነዚያን ሰዎች አከብራለሁ። ግን የቆሙበትን መድረክ አብረን እንየው። ከኋላቸው ማኅበር ነበረ። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፊት ለፊታቸው ነበር፤ ማን እንደሰማቸው ያውቃሉ፣ ያለቀሰውንም ያጉረመረመውንም ያያሉ። የሰማው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ የሚይዘው ትዝታውን ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ የወጣ ቪዲዮ ግን እዚያው አይቀመጥም። እሷ ብታጠፋው ሌላ ሰው ስልክ ላይ አለ፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ አለ፤ ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ገብቶበት፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነጥላ ትዞራለች። እኔ የምውለው ሞባይል ቤት ነው። «ይህን አስጠፋልኝ» ብሎ የሚመጣውን ሰው የምቀበለው እኔ ነኝ። የተዘጋ አካውንት ማስከፈት እችላለሁ፤ የተበተነውን መሰብሰብ ግን አልችልም።

እሷ፦ ራዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው የተናገሩም ነበሩ እኮ።

እሱ፦ ነበሩ። ያኔ ግን ማን ይሰማኛል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። አሊስ ማርዊክና ዳና ቦይድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የትዊተር ተጠቃሚዎችን ሲያጠኑ ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። በኑሯችን ለየብቻ የምናናግራቸው ሰዎች በእነዚህ መድረኮች ላይ ባንድ ጊዜ ባንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ልጅቱ ለጓደኛዋ የምትለውና ለእናቷ የምትለው አንድ አይደለም፤ ሁለቱም ግን እውነት ነው። ለንስሐ አባቷ የምትለው ደግሞ ሌላ ነው። ስልኩ ፊት ስትቀመጥ እናቷ፣ ጎረቤቷ፣ ላኪው ደላላ፣ የድሮ አሠሪዋ ዘመድ፣ ነገ የሚያገባት ሰው፣ ስድብ ብቻ የሚፈልግ ማታ ያላንቀላፋ ወጣት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሰሟታል። ለዚህ ሁሉ ሰው ባንድ ቋንቋ እውነትን መናገር እንዴት ይቻላል?

እሷ፦ መድረኩን ካነሣኸው፣ ያ መድረክ ዛሬም ባዶ አይደለም። ወርቅ አድርገው፣ በአሠሪያቸው ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ የራሳቸው ያልሆነ መኪና ተደግፈው በተነሡ ልጆች ፎቶ ሞልቷል። አልፈርድባቸውም። እናታቸው እንዳትጨነቅ ነው፤ ለጉዞው የተበደሩት ብር ከንቱ አልቀረም ለማለት ነው። ግን ያንን ፎቶ ወልድያ ወይም ጅማ ተቀምጣ የምታይ የ17 ዓመት ልጅ አለች። ደላላው ምንም መዋሸት አያስፈልገውም፤ ስልኳን ገልጦ «እይ፣ ያንቺው ሰፈር ልጅ ናት» ይላታል። ሐሰተኛው ፎቶ ሳይጠየቅ ይለጠፋል፤ እውነተኛው ታሪክ ሲሆን ነው «ጥንቃቄ» የምንለው።

እሱ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ያ ፎቶ ሰው ያስታል። ግን አለመናገርና መዋሸት አንድ አይደሉም። ልጅቱ የወርቅ ፎቶ አትለጥፍ፤ እሱ በቂ ነው። ያልተናገረ ሰው ሁሉ አስመሳይ ከተባለ፣ ምሥጢር የሚባል ነገር ከሰው ተወሰደ ማለት ነው።

እሷ፦ በሌላ ጉዳይ ቢሆን ልክ ነህ። በዚህ ግን ዝምታዋም ይነበባል። ተመልሳ መጥታ ዝም ካለች ሰፈሩ «ይዛ የመጣችውን ደብቃ ነው» ይላል። ያልተናገረችውን ሌሎች ይናገሩላታል። ስለ ራሷ የሚወራውን እሷ ካልመራችው ደላላው ይመራዋል።

እሱ፦ እሺ፣ ይህ ከባድ ነው፤ እይዘዋለሁ። አሁን ደግሞ የእኔን ይስሙ። ሰው ስለ ራሱ ተናገርኩ ሲል፣ ሳያውቀው ስለ ሌላም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጆን ማካፊ የተባለው የሶፍትዌር ባለሀብት ከቤሊዝ ፖሊስ ሸሽቶ ተደብቆ ነበር። አንድ መጽሔት ፎቶውን ሲያወጣ፣ ፎቶው ውስጥ ተመዝግቦ የነበረው የቦታ መረጃ ጓቴማላ መሆኑን አሳበቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ስትራቫ የተባለው የሯጮች መተግበሪያ ያወጣው ካርታ፣ ወታደሮች በየቀኑ የሚሮጡበትን መሥመር ተከትሎ በሩቅ አገር ያሉ የጦር ሰፈሮችን አሳየ። እነዚያ ወታደሮች «ዛሬ ሮጥኩ» ነው ያሉት። ልጅቱም ለታሪኳ ማስረጃ ብላ የሪያድ ፎቶዎቿን ልታሳይ ነው። አንዱ ፎቶ የተነሣው ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ በግሏ የምትሠራ ጓደኛዋ ክፍል ውስጥ ነው። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ካሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። በመስኮቱ የሚታየውን ሕንፃ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ፣ የምትያዘው ጓደኛዋ ናት።

እሷ፦ ያንን ፎቶ ታውጣው። ይህ እኮ አትናገር የሚያሰኝ አይደለም፤ ተጠንቅቃ ትናገር የሚያሰኝ ነው። ቦታ የሚያሳየውን ታጥፋ፣ የሰው ስም አትጥራ፣ ፎቶውን ትታ በቃሏ ትንገር። እዚህ ላይ የአንተ ሙያ ያስፈልጋታል።

እሱ፦ የእኔ ሙያ የሚከላከለው እሷ የለጠፈችውን ነው። ሰው የሚቀጥልበትን አይከላከልም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩትን ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ያስታውሳሉ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከነፎቷቸው ሥራ ቦታቸውንና ሰፈራቸውን የሚገልጹ የጥላቻ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተሰራጩ፤ በጥቅምት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። የት እንደሚሠሩና የት እንደሚኖሩ ለማወቅ ስለላ አላስፈለገም። ሰላም ሲሆን ማንም የማይጠነቀቅለት ነገር ቀን ሲከፋ መሣሪያ ይሆናል።

እሷ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ግን ምሳሌው የሚያስተምረኝ ከአንተ የተለየ ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው አውርተው አይደለም የሞቱት። ዝም ብለው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሌላው ነው ያወራባቸው። ዝምታ ካላዳናቸው፣ ዝምታን ለልጅቱ እንደ መከላከያ አድርገህ ልትሰጣት አትችልም። ይልቅ ልጃቸው ምን አደረገ? ስሙን ሰጥቶ፣ ፊቱን አሳይቶ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሰው በአደባባይ ባይናገር ኖሮ እዚያ አይደረስም ነበር።

እሱ፦ ክሱ ከቀረበ ሁለት ዓመት አልፎ ነው «ማየት እችላለሁ» የተባለው፤ ገና ማየቱ ነው እንጂ መፍረዱ አይደለም። በፍትሕ ፍጥነትና በስልክ ፍጥነት መካከል ያለውን ርቀት ይዩት። እኛም አገር ሕግ የለም አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕጉ ግን የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ለዚህች ልጅ ጠበቃ የሚያቆምላት ማነው?

እሷ፦ ጠበቃ ያላት ሴትማ ቀድሞስ መች ተበደለች። ለሌላቸው የቀረው አንደበታቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቻችንን እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። በፍራሽና በሻንጣ መካከል ተቀምጠው የሚታዩበት ምስል ዓለምን ባይዞር ኖሮ፣ ማን ያስታውሳቸው ነበር?

እሱ፦ ምስሉን አልረሳሁትም። ያነሣቸው ሰው ስንቷን «ላንሣሽ ወይ» ብሎ ጠየቀ? ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012፣ እዚያው ቆንስላ በር ላይ አንዲት እናት እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳየው ቪዲዮ በቴሌቪዥን ወጣ። ዓለም ተቆጣ፤ ስሟ በየጋዜጣው ተጻፈ። ቪዲዮው በወጣ በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያ ምስል ዛሬም አለ። ልጆቿ በፈለጉት ሰዓት ሊያዩት ይችላሉ፤ ባልፈለጉትም ሰዓት ሊያጋጥማቸው ይችላል። ሰው በሕይወቱ እጅግ የከፋችው ቀን መታወቂያው ሆና ትቅር?

እሷ፦ ይህን የምትለው ሌላ ሰው ስለ ቀረጻት ሴት ነው። የእኛዋ ልጅ ግን ራሷ ናት የምትቀርጸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንዷ ታየች፤ ሌላዋ ተናገረች።

እሱ፦ በመጀመሪያው ቀን ተናገረች እንበል። በሁለተኛው ቀን ኮሜንቱ «ክፍል ሁለት» ይላታል። ክፍል ሁለት ላይ የመጀመሪያውን መድገም አትችልም፤ ያልተናገረችውን መጨመር አለባት። ስታለቅስ የታየው ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው ጋ ይደርሳል፤ ተረጋግታ የኤጀንሲን ፈቃድ እንዴት ማጣራት እንደሚቻል ያስተማረችበት ግን ጥቂት ሰው ጋ ይቀራል። ከዚያ ስጦታ በሚወረወርበት ላይቭ ላይ ትጋበዛለች። «ደፍሮሽ ነበር?» ብሎ ሺህ ሰው ፊት የሚጠይቃት አይጠፋም። ብትመልስም ጉድ፣ ባትመልስም ጉድ። እውነተኛነቷ ያኔ የእሷ መሆኑ ይቀራል፤ ተመልካቹ የሚለካው ነገር ይሆናል።

እሷ፦ ይህ እውነት ነው፤ አይቼዋለሁም። ነገር ግን ችግሩን የፈጠረው መናገሯ ነው ወይስ የምትናገርበት ቤት ባለቤቶች? ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ መጽሐፍ ላይ፣ ሰው ሁለት ማንነት መያዙን እንደ ታማኝነት ጉድለት ቆጥሮት ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ለአማቷ አንድ ዓይነት፣ ለእኩዮቿ ሌላ ዓይነት የሆነች ሴት ሐሰተኛ አይደለችም፤ አስተዳደግ ያላት ሴት ናት። ያለኝ ሁሉ ካልታየ እውነተኛ አይደለሁም የሚለውን እኔም አልቀበልም። የምለው፣ ከተናገረች የተናገረችው እውነት ይሁን ነው።

እሱ፦ እንግዲያው ተቀራረብን። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎችን በእውነተኛ ስማችሁ ካልሆነ ብሎ አካውንት ሲዘጋ፣ የተጎዱት በሌላ ስም መኖር ግድ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚህ ተነሥቼ አንድ መንገድ ላቅርብ። ልጅቱ ፊቷንና ስሟን ሸሽጋ ትናገር። ኤሌና ፌራንቴ የምትባለው ጣሊያናዊት ደራሲ ከመጀመሪያው መጽሐፏ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በብዕር ስም ነው የጻፈችው። ስለ ሴቶች ልብ የጻፈችው ሐቅ ሚሊዮኖችን የነካው ፊቷን ስላዩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጋዜጠኛ የክፍያና የቤት ግዢ መዝገብ አገላብጦ ማንነቷን አገኘሁ ሲል፣ ብዙ አንባቢዎች የተቆጡት በእሱ ላይ ነው። ስም ሳይኖር እውነት ይኖራል።

እሷ፦ ለፌራንቴ ይሠራል። ልብ ወለድ ጻፈች፤ ከኋላዋ አሳታሚ አለ፤ አንባቢም ማስረጃ አይጠይቃትም። የእኛዋ ልጅ ግን ምስክር ናት። ፊቷን ሸፍና፣ ድምፅዋን ቀይራ ስትመጣ ደላላው የሚለውን ታውቃለህ፤ «ተከፍሏት ነው፤ እንዲህ ያለች ልጅ የለችም።» ስም የለሽ አካውንት ደግሞ በአገራችን ምን ሲሠራ እንደ ከረመ አንተው አሁን ተናገርክ፤ የፕሮፌሰሩ ሞት የመጣው በዚያ ዓይነቱ በኩል ነው። ሰው ስም የለሽን ነገር መጠርጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የኤች አይ ቪ ጊዜም «አንዲት ሴት አለች» ተብሎ ሲነገር ማንም አላመነም። ያመነው የሰፈሩን ልጅ ፊት ሲያይ ነው።

እሱ፦ ታምና ተጎድታ፣ ሳትታመን ተርፋ፤ የቱ ይሻላል?

እሷ፦ እሱን እኔ ልመልስላት አልችልም። አንተም አትችልም።

እሱ፦ ልክ ነው። ግን እሷም ብቻዋን የማትመልሰው ነገር አለ። ታሪኩ የእሷ ብቻ አይደለም። እናቷ ለጉዞዋ ላሟን ሸጠው፣ ከዕድር አባላት ተበድረዋል። ያ የእናቷ ገመና ነው። ልጇ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ጭኗ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲታይ ትፈልጋለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2024 ወላጆች የልጃቸውን የምስል መብት በጋራ እንዲጠብቁ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች፤ ልጁ የመናገር ዕድሜ ሳይደርስ በኢንተርኔት ላይ ታሪክ እየተጻፈለት ስለሆነ ነው። ይህ ልጅ በ15 ዓመቱ «እናትህ እኮ» ሲባል ምን ይላል?

እሷ፦ ልጁ አይታይ። በዚህ ክርክር የለኝም። የእናቷንም ዕዳ ትተወው፤ ላሚቱ ሳትነሣም ታሪኩ ሙሉ ነው። ግን የያዝከው መርሕ ወዴት እንደሚወስድህ ተመልከት። በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «አልፈቅድም» የማለት መብት ካለው፣ ደላላውም በታሪኩ ውስጥ አለ። የደበደባት ሰውዬም አለ። እነሱም ገመናችን ነው ይላሉ። «የቤት ገመና» በሚል ቃል ስንት ሚስት ስትደበደብ ኖራለች? ገመና መጠበቅ የሚያምረው የደካማው ገመና ሲጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተጠብቆ የኖረው የበዳዩ ነው።

እሱ፦ ይህን አልክድም። መስፈሪያው ጉልበት ይሁን እንበል፤ መናገሯ ከእሷ የሚያንሰውን ሰው የሚጎዳ ከሆነ ትተወው፣ ጉዳቱን ያደረሰባትን ሰው የሚያጋልጥ ከሆነ ትናገረው።

እሷ፦ እጄን ሰጠሁ፤ ይህ ጥሩ መስፈሪያ ነው።

እሱ፦ ግን እኮ ያው መስፈሪያ እኔንም ያስፈራኛል። ጉልበት ያለውን ስታጋልጥ፣ ጉልበቱ ተመልሶ ወደ እሷ ነው። ደላላው ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ስሙን ካነሣች በስም ማጥፋት ሊከሳት ይችላል፤ ሳይከሳትም ሊጎዳት ይችላል። ስለዚህ ጊዜን አስባለሁ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አስቀመጡ፤ ታትሞ ያነበብነው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። መዘግየቱ ከዋጋው አልቀነሰም። ሁሉ እውነት ዛሬ ማታ መለጠፍ የለበትም።

እሷ፦ እሳቸው የጻፉት ለትውልድ ነው። ትውልድ ይጠብቃል። ቦሌ ላይ ሻንጣዋን የምትገፋው ልጅ ግን አትጠብቅም። የዛሬ ዓመት የሚነገራት ለእሷ ምክር አይሆናትም፤ ታሪክ ነው የሚሆነው።

እሱ፦ ዓመታት አላልኩም። ልጅቱ ከመጣች ገና ወራት ናቸው። ስትናገር እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብጠይቃት ደስ የሚለኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ሁሉ ስድብ ቢሆን፣ በመናገርሽ ደስ ይልሻል?» አዎ ካለች ቁስሏ ደርቋል፤ ትናገር። አይ ካለች ግን ከተመልካች የምትፈልገው መጽናናት ነው። መጽናናት ደግሞ ከማያውቋት ሰዎች አይለመንም፤ ከእናት፣ ከጓደኛ፣ ከሐኪም፣ ከንስሐ አባት ይገኛል። ለእነዚያ አስቀድማ ተናግራ ትውጣ።

እሷ፦ ጥያቄህን ልስረቅህ፤ እኔም እጠይቃታለሁ። ግን መመዘኛ አታድርገው። ያን ጊዜ አዳራሽ ፊት የቆሙት ሰዎች እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንዶቹ ከመድረክ ሲወርዱ ነው የጠነከሩት። ቁስሉ የሚደርቀው ከተነገረ በኋላ የሆነለት ሰውም አለ። ተፈውሰሽ ተናገሪ ካልካት፣ መድኃኒቱን ከወሰድሽ በኋላ ነው መድኃኒት የምሰጥሽ እንደ ማለት ይሆንብሃል።

እሱ፦ እነሱ ከመድረክ ሲወርዱ የሚያቅፋቸው ሰው ነበር እትዬ። ይህቺ ስልኳን ስታጠፋ ክፍሏ ውስጥ ማን አለ?

እሷ፦ እኔ አለሁ። አንተም አለህ። ይህን ያነሣኸው ጥሩ ነው። እኔ ስለ አደባባይ ስናገር ያለ ማኅበር አስቤው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊባኖስ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት» የሚል ስብስብ አቋቁመዋል። ለተቸገረችዋ ምግብና መጠለያ እያፈላለጉ፣ ወደ አገር መመለስ የምትፈልገውን እያገዙ፣ ከዚያው ጋር ነው ስለ ግፉ የሚናገሩት። ምስክርነቱና ድጋፉ አብረው ሄዱ። እንዲህ ሲሆን አንዲት ሴት ብቻዋን የታሪኩ ፊት አትሆንም።

እሱ፦ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እዚህ ሰፈራችን እንዲህ ያለ ማኅበር የለም። እኔና እርስዎ ሁለት ሰው ነን። ቪዲዮውን የሚያየው ሰው አልቅሶ ሼር ያደርግና ይተኛል። እሷ በማግሥቱ የምትነቃው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ደላላ ጎረቤት ነው። ትምህርቱን እኛ እንወስዳለን፤ ዋጋውን እሷ ትከፍላለች። አንዲትን ሰው ለሌሎች ትምህርት ማድረግ፣ እሷ እሺ ብትልም እንኳን፣ እኛን ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣንም።

እሷ፦ አያወጣንም። ስለዚህ ሁለታችንም ያልነውን ሳንቀንስ እንንገራት። የእኔን ተስፋ ብቻ ሰምታ ከወሰነች አሞኘናት ማለት ነው። የአንተን ፍርሃት ብቻ ሰምታ ከቀረች ደግሞ አፍዋን ዘጋንባት ማለት ነው። ምን ልናገር፣ ለማን፣ መቼ፣ በፊቴ ወይስ በድምፄ የሚለው የእሷ ይሁን።

እሱ፦ ምርጫው የእሷ መሆኑን ተቀብያለሁ። ጠይቃ ምክሬን ከፈለገች ግን አሁንም «ቆይ» ነው የምላት። ለማኅበር ትናገር፣ ለሕግ ትናገር፣ ሊሄዱ ላሉ ልጆች ቤት ሰብስባ ትናገር። ስልኩ የመጨረሻው ይሁን።

እሷ፦ እኔ ደግሞ «ተዘጋጂና ተናገሪ» ነው የምላት። ቤት የሚሰበሰቡት አሥር ልጆች ናቸው። ስልኩ የሚደርስባትን አሥራ አንደኛዋን ማንም አይሰበስባትም። ይህቺ ዝም ስትል ዋጋውን የምትከፍለው ያቺ ናት።

እሱ፦ ያቺን ልጅ አላውቃትም። ይህቺን ግን አውቃታለሁ። አደራ ያለብኝ ለማውቃት ነው።

እሷ፦ አደራችን ለምናውቃት ብቻ ከሆነ ደላላው ሁልጊዜ ይቀድመናል። እሱ የሚፈልጋት ማንም የማያውቃትን ነው።

እሱ፦ ብቻዋን የቀረችውንም ይፈልጋታል እትዬ። ተናግራ ሰፈሩ ከሸሻት፣ ተመልሶ በሯን የሚያንኳኳው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ መልሶ ወደዚያው ሊሸኛት።